ባለ ገሳው ጋሽ ባንተአምላክና አንዲቷ ቁልፍ

በየመሥሪያ ቤቱ ሰማይና ምድር ቢደበላለቅ የማይቀር አንድ ሰው አለ። እኔ በበኩሌ የሚቀር ሰው ይሻለኛል። የሚቀር ሰው አሞኛል፣ ለቅሶ ገጥሞኛል፣ ላሚቱ ወልዳለች ብሎ ይልካል፤ እናንተም «እግዜር ያውቃል» ብላችሁ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ። የማይቀር ሰው ግን፣ ያውም በሳይክል የሚመጣ ከሆነ፣ በሕይወት መድረሱ እስኪታወቅ የሠራተኛውን ሁሉ ልብ አንጠልጥሎ ያረፍዳል።

የእኛው የማይቀር ሰው ክቡር ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ባለችው ጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ክፍል ባለሙያ ሲሆኑ፣ ቤታቸው ከተማ ነው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስትን አልፏል፤ ሳይክላቸውም ከሳቸው ብዙ አታንስም። ፍሬኗ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው የት ሄደ ብዬ ብጠይቃቸው «እግሬ አለ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጫማቸውን ሶል ውፍረት በዓይኔ እለካለሁ።

እኔ አምለሰት እባላለሁ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የተከራየሁት ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ስለሆነ ለሥራ የምሄደው መንገድ የለኝም። የጋሽ ባንተአምላክን መንገድ እሳቸው ይሄዱታል፣ እኔ እጨነቅበታለሁ። የክፍሌ መስኮት ደግሞ፣ ማን እንደሠራው እንጃ፣ ቀጥታ ወደ መንገዱ ነው የሚያየው።

የምጨነቀው ለሰውየው እንዳይመስላችሁ። የምጨነቀው ለቁልፉ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ ኃላፊነቱ የሳቸው ስለሆነ ከማተባቸው ጋር በአንድ ክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። እሳቸው ከቀሩ ነርሷ ብታዝዝ፣ ላብራቶሪው ውጤት ቢሰጥ፣ መድኃኒቱ ከበሩ ወዲያ፣ በሽተኛው ከበሩ ወዲህ ሆኖ መፋጠጥ ነው። ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ተናግሬያለሁ። «እኔ እኮ ስለ ቁልፉ ነው» እላለሁ።

በኅዳር ብርድ ጣታቸው ከመሪው አልላቀቅ እያለ ዘበኛው አንድ በአንድ ነቅሎ ያወርዳቸዋል። በመጋቢት ዓይናቸውና ጥርሳቸው ብቻ የሳቸው ሆኖ ሌላው ሁሉ አቧራ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ጭቃ ጎማውን ይይዘዋል፤ ሳይክሏ እሳቸውን መሸከም ትታ እሳቸው ሳይክሏን ተሸክመው ይደርሳሉ። የዝናብ ልብስ ይግዙ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። ገበሬ የሚለብሰውን የሳር ገሳ ነው ደርበው የሚነዱት። ከሩቅ ሲታዩ የሳር ክምር ሳይክል የሚነዳ ይመስላል። አንድ ጊዜ የመንደራችን ገበሬ የአያ ዘሩ በሬ ድርቆሽ መስሎት እስከ በራችን ተከትሏቸዋል።

«ጋሽ ባንተአምላክ፣ ወንዙ በሞላ ቀን እንኳ ምናለ ቢቀሩ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«መድኃኒት የሚፈልገውስ ሰው ይቀራል?»

«ዝናቡስ?»

«ዝናብ ቆዳ አይበሳም» አሉኝ። ለሁሉም ነገር መልሳቸው ይህች ናት። ለበረዶም ይህችኑ ነው የሚሉት። ስልካቸውን ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከቤት አያወጡትም። «ስልክ ዝናብ አይችልም» ይላሉ። ስለዚህ ሲዘገዩ ደውሎ የት ደረሱ ማለት የለም።

ይህም ባልከፋ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ መውረዳቸው ነው። ጋሽ ባንተአምላክ ሳይክል ላይ ተቀምጠው ለሰው ሰላምታ አይሰጡም። ነውር ነው። «በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርድ የለም? ሳይክል ከበቅሎ በምን ትበልጣለች?» ይላሉ። ሽማግሌ ሲያገኙ ይወርዳሉ። ቄስ ሲያገኙ ወርደው መስቀል ይሳለማሉ። መንገዱ ላይ ሁለት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በሁለቱም በር ይወርዳሉ። ለቅሶ ካጋጠማቸውማ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር፤ ማን ነው የሞተው?» ብለው ሳይጠይቁና ጥቂት ሳይሸኙ አያልፉም። በእኔ ግምት ከአሥራ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ስድስቱን ነው የሚነዱት። ከቤታቸው ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚወጡትም ለዚሁ ነው። እኔም መስኮቴ ላይ ሆኜ አሁን ሰላምታ ላይ ናቸው ወይስ ገደል ውስጥ ናቸው እያልኩ ስገምት አረፍዳለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ነው። ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋትም አላባራም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ የሉም። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የሉም። አንዲት እናት ትኩሳት ያነደደው ሕፃን ታቅፋ የመድኃኒት ክፍሉ በር ሥር ተቀምጣለች። ነርሷ ሠርክአዲስ ሕፃኑን በእርጥብ ጨርቅ ታበርደዋለች፤ በየመሀሉ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ የአንዱን ካርድ ለሌላው እየሰጠሁ አንድ አዛውንት ለእርግዝና ክትትል ተሰልፈው ቆይተዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አያ ዘሩ መጡ። ማሳቸው ጥቁር ውኃ ወንዝ ዳር ነው፤ መንገዱ የሚሻገረው በዚያ ባለው የእንጨት ድልድይ ነው። ሮጬ ወጣሁ።

«አያ ዘሩ፣ ጋሽ ባንተአምላክን አላዩዋቸውም?»

«ሳይክላቸውን አየኋት።»

«እሳቸውንስ?»

«ሳይክላቸውን አየኋት አልሁሽ እኮ፣ ልጄ። ከማዶ ዋርካው ሥር ተጋድማለች። ሰው አጠገቧ የለም። ውኃው ደግሞ ድልድዩን ሊውጠው...»

የእኛ አገር ሰው ክፉ ወሬ ሙሉውን አይናገርም፤ ጫፉን አስይዞ የቀረውን ለሰሚው ይተዋል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እኛ ያለንን ሐሳብ ሁሉ ጨመርንበት። የጽዳት ሠራተኛዋ አንዴ ጮኸች፤ ወሬው አጥር ሳይሻገር «ወንዝ ወሰዳቸው» ሆነ። የፈሩት ይደርሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ የፈራሁት ደረሰ ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ወንዙ ሮጥኩ።

ከየቤቱ ሰው እየወጣ ተከተለን። ሴቶቹ ወገባቸውን አስረው፣ ወንዶቹ ገመድና ረጅም እንጨት ይዘው። አንድም ዘመዳቸው አልነበረም፤ ሁሉም አንድ ቀን ከሳይክላቸው ወርደው ደኅና አደራችሁ ያሏቸው ሰዎች ናቸው። የእኔ ለቅሶ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። «ወይኔ ጋሽ ባንተአምላክ! ይቅሩ ስልዎት! ይቅሩ ስልዎት! እንግዲህ በማን ልጨነቅ?» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ሕፃኑን አዝላ የተከተለችን እናትም አብራን ታለቅሳለች፤ ሠርክአዲስ እጇን ይዛታለች።

ወንዙ ሊታይ ትንሽ ሲቀረን ከመታጠፊያው አንዲት ሳይክል ብቅ አለች። ጋሽ ባንተአምላክ ናቸው፤ ገሳቸው የለም፣ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ውኃ ይንጠባጠባል። ለቅሶውን አዩና እንደ ደንባቸው ወረዱ። ሳይክሏን ዳር አስደገፉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንገታቸውን ደፍተው ከፊት ወደነበሩት ወደ አያ ዘሩ ቀረቡና፣

«ነፍስ ይማር፤ ማን ነው የሞተው?» አሉ።

አያ ዘሩ የያዙትን ገመድ ከኋላቸው ደበቁ። ሌላውም ሰው መሬት መሬት አየ። ጋሽ ባንተአምላክ ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

«አምለሰት! ነጠላሽን አዘቅዝቀሻል። ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አንቱ!» አልኳቸው። እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። «እኔ? መቼ?» አሉ።

ለካ ዋርካው ሥር ሲደርሱ ከሩቅ መንደር አስከሬን ተሸክመው የመጡ ሰዎች አግኝተዋል። በጭቃው እየተንሸራተቱ ተሸካሚው ደክሟል። ጋሽ ባንተአምላክ ሳይክላቸውን ጥለው ቃሬዛውን በአንድ ትከሻ ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኙ። ገሳቸውንም ለሟቹ አለበሱ፤ ከዚያ ተመልሰው ሳይክሏን አንስተው ድልድዩን ተሻገሩ።

«እንዴት ሟች ገሳ ይለብሳል? አንቱ እየበሰበሱ!» አልኩ።

«ዝናብ ቆዳ አይበሳም» አሉና ደረታቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ክሩን አወጡ። ቁልፉ አለ። «ይልቅ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው አለ?»

እናትየዋ ሕፃኑን ይዛ ወደ ፊት ቀረበች። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ወደ ኋላ ዞሮ «ሟቹን» ጋሽ ባንተአምላክን አጅቦ ወደ ጤና ጣቢያው መለሳቸው። አንደኛው ሳይክሏን ይገፋል፣ ሌላው ጋቢውን አልብሷቸዋል። በሩን ከፈቱ፤ ሕፃኑ ሽሮፑን ዋጠ። ከቀትር በኋላ ትኩሳቱ ወርዶ የሠርክአዲስን ፀጉር መጎተት ጀመረ። ሠርክአዲስ ግን እኔን አልለቀቀችኝም። «በዚያ ሁሉ ለቅሶሽ ውስጥ ቁልፍ የሚል ቃል አልሰማሁም» አለችኝ። ሰው ሲደነግጥ ይረሳል አልኳት።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ባንተአምላክ አንድ የታሸገ ፖስታ ይዘው መጡ። ኃላፊውን አስፈቅደው ከተማ ትርፍ ቁልፍ አስቀርጸዋል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

«አስጨነቅሁሽ፣ ልጄ። ሰው ሁሉ ስለ ቁልፉ ነው የምትጨነቀው ብሎ ነገረኝ። እንግዲህ ብዘገይም ይከፈታል፤ አትጨነቂ» አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ፖስታው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አልተቀደደም። ቁልፉ ስላለኝ ማለዳ ማለዳ መስኮት ላይ የሚያቆመኝ አንዳች ምክንያት የለኝም። ትናንት ዝናቡ ሲያይል ሠርክአዲስ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ቁልፉ አለሽ እኮ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዝናቡን ነው የማየው» አልኳት።

እሷም አብራኝ ታይ ጀመር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አያ ዘሩ የሠሩላቸው አዲሱ ገሳ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። በራችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከአንድ ሽማግሌ ፊት ቆመና ወረደ። ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ካርድ አወጣሁ።