የኦጃ ማራዘሚያ

[ቦፓል፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ መምሪያ። የበላይ ኃላፊው ኦጃ ስልሳ ዓመት ስለሞላቸው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጡረታ ይወጣሉ። «ሳሂብ» (ጌታዬ) እያለ የሚጠራቸው ተላላኪያቸው ጉላብ የሹመት ምልክት የሆነውን ነጭ ፎጣ ከወንበራቸው ላይ ይገፍፋል።]

ኦጃ፦ ኧረ ፎጣዬን ተው! ገና አሥር ሰዓት ነው!

ጉላብ፦ ላሳጥበው ብዬ ነው፣ ሳሂብ። ነገ አዲሱ ሹም ይቀመጡበታል።

ኦጃ፦ የምን አዲስ ሹም? የሁለት ዓመት ማራዘሚያ ጠይቄ የለም እንዴ? ፋይሉ ከዋና ጸሐፊው ቢሮ እስኪመለስ ነው የምጠብቀው።

ጉላብ፦ ተመልሷል እኮ።

ኦጃ፦ [ብድግ ብለው] መቼ?

ጉላብ፦ ጠዋት። ሻይዎን ያስቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።

ኦጃ፦ አንተ ደነዝ! ዕድሜዬ ላይ ሻይ ታስቀምጣለህ? [ፋይሉን ታቅፈው] ለነገሩ ምን ያስቸኩለኛል? ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ማስረጃ አያይዣለሁ። በጎርፉ ጊዜ ጀልባ ላይ ሆኜ የተነሳሁት ፎቶ ሳይቀር።

ጉላብ፦ ጀልባው መሬት ላይ ነበር፣ ሳሂብ።

ኦጃ፦ መሬቱ ፎቶው ላይ ይታያል?

ጉላብ፦ አይታይም።

ኦጃ፦ እንግዲያው ተንሳፏል። ሠላሳ አራት ዓመት! ሃያ ሰባት ዝውውር! ከአንዱ ወረዳማ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሳላውቅ ነው የተነሳሁት። [ገልጠው ያነባሉ] «የአመልካቹ መሄድ ሥራውን አይጎዳም። ማመልከቻው ከመርዘሙ በቀር የተለየ ነገር አልታየበትም። አይፈቀድም።» የትኛው ጅል ነው ይህን የፈረመው?

ጉላብ፦ ኧረ እንዲህ አይበሉ፣ ሳሂብ።

ኦጃ፦ እላለሁ! አንድ ገጽ እንኳ አላነበበም! ጠግቦ በልቶ፣ በእንቅልፍ ልቡ ነው የፈረመው!

ጉላብ፦ እሱስ እውነት ነው። ምሳ በልተው ነበር።

ኦጃ፦ እነማን?

ጉላብ፦ ፊርማውን ይዩት።

[ኦጃ ያያሉ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ያያሉ።]

ኦጃ፦ የኔ ነው።

ጉላብ፦ ዋና ጸሐፊው «መምሪያው አስተያየት ይስጥበት» ብለው መሩት። መምሪያው እኛ ነን። ሠራተኞቹ ደግሞ «ወፍራም ፋይል ሲመጣ እምቢታ አርቅቁ፣ እፈርማለሁ» ያሏቸውን አልረሱም።

ኦጃ፦ አንተስ? ስታቀርብልኝ አላየህም?

ጉላብ፦ አይቻለሁ። «ሳሂብ፣ ይሄ የራስዎ...» ብዬ ስጀምር፣ «ተላላኪ ይሸከማል እንጂ አያነብም» አሉኝ።

ኦጃ፦ [ቁጭ ብለው] ብዬሃለሁ። እንዲያውም ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ማታ ለሚስቴ ለሱናንዳ ነገርኳት። ጉላብ፣ ቤት ገብቼ ምን ልሠራ ነው? ሱናንዳ ድንች ግዛ ትለኛለች። እኔ ድንች የት እንደሚሸጥ አላውቅም! እውነቴን ነው፣ ፈርቻለሁ።

ጉላብ፦ አይዞዎት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ይሸጣል።

ኦጃ፦ ቆይ፣ አንተም በዚህ ወር አይደል የምትወጣው? አብረን እንገዛለና!

ጉላብ፦ የኔስ ተራዝሟል፣ ሳሂብ።

ኦጃ፦ ምን? ማን አራዘመልህ?

ጉላብ፦ እርስዎ። ያን ዕለት፣ ከምሳ በኋላ። «የማይተካ ሠራተኛ ነው» ይላል።



ኦጃ፦ እኔን ያሰናበተ እጅ አንተን የማይተካ አደረገህ! እሺ፣ ነገ ለአዲሱ ሹም አቤት እላለሁ። በሩ ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ቀድመህ አስገባኝ።

ጉላብ፦ ምን ገዶኝ፣ አስገባዎታለሁ። ብቻ አደራ፣ ሳሂብ፣ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። እኔም ያለፍኩት በእሱ ነው።