ሠላሳ አንድ ዓመት ያጨሰ ጀማሪ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.። የአቶ በኃይሉ ልጅ የምታገባው ቅዳሜ ነው።

ቦታ፦ ሐዋሳ፣ የዩኒቨርሲቲው የሰው ሀብት ክፍል መዝገብ ቤት። የስብሰባ ክፍሉ በሌላ ስብሰባ ተይዟል።
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00

የተገኙ፦
አቶ ሽመልስ፣ የቡድን መሪ — ሰብሳቢ
ወ/ሮ ሙሉጌጥ፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ — አባል
ሲስተር ኑሪያ፣ ከተማሪዎች ክሊኒክ — አባል
አቶ በኃይሉ፣ የደረጃ ዕድገት ባለሙያ — አባልና ባለጉዳይ
ፋሲል፣ የኮምፒውተር ጥገና — አስረጂ
ዋሲሁን — ጸሐፊ፣ ድምፅ የማይሰጥ

ያልተገኙ፦ አቶ ኢብራሂም። «መጣሁ» ብለው ወጥተዋል።

ከአምስት አባላት አራቱ ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ በኃይሉ አባልም ባለጉዳይም ቢሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጥረዋል።

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስተዋወቁ። ሙሽራዋ ሐዳሳ አባቷን፣ ሲጋራ እየሸተትክ እጄን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ የእናቴ ወንድም ያስገባኛል ብላለች። አጎትየው አቶ አልአዛር ከወዲሁ ሱፍ አሰፍተው በግቢያቸው አረማመድ እየተለማመዱ መሆኑን አቶ በኃይሉ አክለዋል። ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አቶ በኃይሉ ሲጋራ ሳይለኩሱ አንድ ሰዓት መቆየት ስላልቻሉ፣ ፋሲል በስልኩ ያየው ቬፕ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሣሪያ እንዲመረጥላቸው ኮሚቴው ተሰብስቧል።

አጀንዳ 1፦ የባለጉዳዩን ደረጃ ስለመወሰን

ፋሲል መሣሪያው የሚመረጠው ሰውየው ጀማሪ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ታይቶ ነው አለ። ጋሼ በኃይሉ ጀማሪ ናቸው ብሎም ሊያልፈው ፈለገ።

ሰብሳቢው አላለፉትም። ጀማሪ ማለት ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያጨሰን ሰው ጀማሪ ማለት መመሪያ መጣስ ነው አሉ። ወ/ሮ ሙሉጌጥ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ማን አጨሰላቸው ሊባል ነው ሲሉ ደገፏቸው።

ፋሲል ይሄ እኮ አይጨስም፣ ፈሳሹ ይተንና ይሳባል አለ። በዚህ የተነሳ የሲጋራው ልምድ አግባብነት አለው ወይስ የለውም የሚለው አርባ ደቂቃ አከራክሯል።

አቶ በኃይሉ፣ «ደረጃ አልጠየቅሁም። ቅዳሜ ሳልሸት መግባት ነው የጠየቅሁት» አሉ።

ሰብሳቢው የልምድ ማስረጃ ጠየቁ። አቶ በኃይሉ ጥርሳቸውን አሳዩ። ከማኅደራቸው ጋር ይያያዝ የሚለው ሐሳብ ሊፈጸም ስለማይችል ታልፏል።

ሲስተር ኑሪያ እጃቸውን አነሱ። በተራዎ ተባሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የልምዱ ግማሽ እንዲያዝና አቶ በኃይሉ «ከፍተኛ» እንዲባሉ ተወሰነ። አቶ በኃይሉ በዚህ መሥሪያ ቤት ለስንቱ ደረጃ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ልምድ ለሁለት የሚከፈልበትን አንቀጽ አሳዩኝ ብለው ጠረጴዛውን መቱ። አንቀጹ አልተገኘም። ውሳኔው ጸንቷል።

አጀንዳ 2፦ መሣሪያውን ስለመምረጥ

ፋሲል ሦስት ዓይነት አለ አለ፦ ሲያልቅ የሚጣል ትንሽ፣ ቻርጅ የሚደረግ መካከለኛ፣ ኃይሉ የሚስተካከል ትልቅ። ለጋሼ ትንሹ ይበቃል አለ። ሰብሳቢው ለከፍተኛ ባለሙያ ትንሽ መስጠት የቢሮ ወንበር በየደረጃው ሲታደል የደረሰውን ቅሬታ ይቀሰቅሳል አሉ። ፋሲል፣ «ትልቁን ለጋሼ መስጠት መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ሲኖትራክ መስጠት ነው» ብሏል። አስረጂ ድምፅ ስለሌለው ትልቁ ተመረጠ።

ስለ ጣዕሙ ማንጎና ናና ቀረቡ። ወ/ሮ ሙሉጌጥ ማንጎ የሚሸት የሙሽራ አባት አይተው እንደማያውቁ ገልጸው አማራጭ አቀረቡ፦ አቶ በኃይሉ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ሄደው ከዓሣ አራጆቹ መሀል ሁለት ሰዓት ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ሲጋራ የሚሸተው የለም። አቶ በኃይሉ አልአዛር በሳቅ ይሞታል አሉ። ወ/ሮ ሙሉጌጥ ያም ቢሆን ጥቅም ነው አሉ። ሐሳቡ ወደቀ፤ ናና ተመረጠ።

ሲስተር ኑሪያ እጃቸውን እንዳነሱ በዚህ ክፍል ውስጥ ሲጋራ የሚሸተው አቶ በኃይሉ ብቻ አይደሉም ብለው ወደ ጸሐፊው ተመለከቱ። አጀንዳ ስላልሆነ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሲስተር ኑሪያ ዕድል ተሰጣቸው። ቬፕ መሸጥ በአገሪቱ ሕግ ክልክል ነው፣ ውስጡም ያው ኒኮቲን ነው፣ አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው አሉ። ሰብሳቢው ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ጠየቁ። ሲስተር ኑሪያ፣ «እጄ ስንት ሰዓት አየር ላይ ነበር?» አሉ።

አቶ በኃይሉ እንግዲህ አልአዛር ይግባ ብለው ለመውጣት ተነሡ።

ሲስተር ኑሪያ ሰዓቱን እንዲያዩ ነገሯቸው። 10፡50 ነበር። ከ8፡00 ጀምሮ አንድም አልለኮሱም። አቶ በኃይሉ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ፓኬቱ አለ። እንዴት እንደቻሉ ሲጠየቁ፣ «ግማሹን ስትቆርጡብኝ ተናድጄ ረሳሁት» አሉ።

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። መሣሪያ አይገዛም። አቶ በኃይሉ ጀማሪ ናቸው። ይህን በጽኑ ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸው በደስታ ተመዝግቧል። ኮሚቴው እስከ ዓርብ በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ በአቶ በኃይሉ ደረጃ ላይ ይሰበሰባል። አባላት እንዳይስማሙ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ቅዳሜ ሰብሳቢው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ እየተከራከሩ ይሸኟቸዋል።

ስብሰባው 11፡05 ላይ አበቃ። አቶ በኃይሉ አሥራ አንድ ፍሬ የቀረውን ፓኬት አስረከቡ፤ ከሕንፃው ጀርባ ባለው በርሜል እንዲጥለው ጸሐፊው ታዘዘ። ጸሐፊው ላይተሩም እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ተሰጠው። ሲጋራ ለመጣል ላይተር ለምን እንዳስፈለገ ሲስተር ኑሪያ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ወጥቶ ስለነበር መልሱ አልተመዘገበም።