ባለ ዘጠኝ ወንበሩ መኪና

አንባቢዬ፣ ከእኛ ሰው መካከል «አልመጣም» የሚል አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ በምንኖርባት ከተማ፣ ሀደራ ውስጥ አላጋጠመኝም። ሽማግሌው «እሺ» ይላል፤ ወጣቱ በዕብራይስጥ «በሰደር» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ነዋ!

ተራራማዋን አገር ጆርጂያን አብረን ልንጎበኝ ስምንት ዘመዶቼ እሺ ስላሉኝ፣ ዳገት የማይፈራ ባለ ዘጠኝ ወንበር መኪና ተከራየሁ። ወደ አየር ማረፊያው አብረን ልንሄድ በተቀጣጠርንበት ሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ የተገኙት ግን አጎቴ ጋሼ መኮንን ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ስደውልላቸው «እየመጣን ነው» አሉኝ፤ አውሮፕላኑ ሲነሳም እየመጡ ነበር።

ጆርጂያ ደርሰን መኪናውን ስንረከብ ጋሼ መኮንን መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ከፊት ቢሆኑ?»

«ባዶ እንዳይመስልብህ ብዬ ነው።»

ተራራውን መውጣት ጀመርን።

«ልጄ፣ ሳልሞት ጎንደርን ታሳየኛለህ?» አሉኝ ከኋላ።

«እሺ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እሺታዬን አወቋት መሰል፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።