ሦስተኛው ዙር ሰላምታ

እኛ አገር ሰላምታ ሦስት ዙር አለው። በመጀመሪያው ዙር «እንደምን አደሩ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ የቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ ወስዶት ቢያድርም። በሁለተኛው ዙር ከብቱ፣ ማሳውና ልጆቹ ይጠየቃሉ፤ እነሱም ደህና ናቸው። እውነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። «ለመሆኑ እርስዎስ?» ሲባል ሰውየው ትንፋሹን ሰብሰብ ያደርግና «ኧረ ተወኝ ልጄ!» ብሎ ይጀምራል። ችኩል ሰው ሦስተኛውን ዙር ስለማይጠብቅ አገሩ ሁሉ ደህና ይመስለዋል። ይህን ቁም ነገር አምስት ዓመት ሕግ ስማር አንድም መምህር አልነገረኝም።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ሕግ የተመረቀ ሁሉ ጠበቃ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በዲግሪውና በጥብቅና ፈቃዱ መካከል የተግባር ልምምድ የሚባል ወንዝ አለ። እኔ የተሻገርኩት፣ ማለቴ ልሻገር የገባሁበት፣ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ጋሽ ጥላሁን የሚባሉ አንጋፋ ጠበቃ ዘንድ። ቢሯቸው ከባጃጅ ጋራዥ በላይ ስለሆነ የደንበኛን ቃል ከመዶሻው ድምፅ ለይቶ መስማት ራሱ አንድ ልምምድ ነው።

ጋሽ ጥላሁን የሚፈርሙበት የምዘና ቅጽ አለ። ክስ ማርቀቅ፣ ተፈረመ። ደንበኛ ማነጋገር፣ ተፈረመ። የቀረችኝ አንዲት መስመር ነበረች፦ መስቀለኛ ጥያቄ። የባላጋራን ምስክር ቆሞ መፈተን ማለት ነው። እሷ ካልተፈረመች ማመልከቻዬ ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ጥላሁን ደግሞ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የባላጋራህ ጠበቃ ተነሥቶ እስኪቃወምህ ድረስ አልፈርምም፣ ማንም የማይቃወመው ጥያቄ ወሬ ነው አሉኝ። ፀጉሬ እስኪሸብት ቢፈጅም አደርገዋለሁ ብዬ ማልኩ። ምን ምርጫ አለኝ? እናቴ ቀወት ላይ ለማኅበርተኛው ሁሉ «ልጄ ጠበቃ ሆነ» ብላ አውጃ ጨርሳለች።

ዕድሌ በደንበኛችን በእትዬ ዘሃራ ላም በኩል መጣ። ጎረቤታቸው «ኅዳር ጽዮን ዕለት ላምዎ የሽንኩርት ችግኜን ጨረሰችብኝ» ብሎ ከሰሳቸው። እትዬ ዘሃራ ግን ላሚቱ ሰኮናዋን አሟት ቀኑን ሙሉ ታስራ እንደዋለች፣ ወላሂ ከጓሮ እንዳልወጣች ይናገራሉ። ከተረቱ የሚሸጡት እሷኑ ነው፤ ሌላ ላም የላቸውም። ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ላሜን አደራ» አሉኝ። አደራ የምትባለው ቃል ከሕግ መጻሕፍቴ ሁሉ ከበደችኝ።

ጋሽ ጥላሁን አጠገቤ ተቀምጠው እኔ እንድጠይቅ ችሎቱን አስፈቀዱ። አርባ ጥያቄ ጻፍኩ። ግቢያችን ውስጥ ባለው ማንጎ ዛፍ ላይ ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩ፤ ማንጎው አንድም ጊዜ አልተቃወመኝም። የጋሽ ጥላሁን ምክር አጭር ነበር፦ አዎ ወይም አይደለም ብቻ አስብል፣ ምስክሩን ወሬ አታስጀምረው።

ቀኑ ደረሰ። የከሳሹ ምስክር ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የከሳሹ የክርስትና አባት። ምለው ሲያበቁ በጽዮን ዕለት ከማሳው ዳር ቆመው ላሚቱ ችግኙን ስትግጥ በዓይናቸው በብረቱ እንዳዩ መሰከሩ። ተራዬ ሆነና ተነሣሁ። ሙቀቱ ይጋግራል፣ የተዋስኩት ክራባት አንገቴን ይዞኛል። ሽማግሌውን አየኋቸው። አባቴን የሚያህሉ ሰው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰላም ሳይባሉ «አዎ ወይም አይደለም ይበሉ» ይባላሉ? አፌ እምቢ አለኝ። «እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እኔ ሆዬ አርባውም ጥያቄ ከራሴ በኖ ጠፍቷል! ዝም ከማለት ብዬ ወደ ሁለተኛው ዙር ገባሁ፤ ከብቱን፣ ማሽላውን፣ ልጆቹን ጠየቅሁ። የባላጋራዬ ጠበቃ ፈገግ አለ። ዳኛዋ ሰዓታቸውን አዩ። ከዘራቸውን ሳይ ጊዜ ደግሞ «ለመሆኑ እርስዎስ? እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» አልኩ። ጋሽ ወርቁ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና ካልጋ መች ወረድኩና! ደጅ እንኳ ስወጣ በሸክም ነበር። ዛሬም በባጃጅ አምጥተው ነው የጣሉኝ።»

እኔ ከልቤ አዝኜ «እግዜር ይማርዎት» አልኩና ጥያቄ ቁጥር አንድን ፍለጋ ወረቀቴን ገለጥኩ። የዳኛዋ ብዕር ቆመ። ሚካኤል በአሥራ ሁለት፣ ጽዮን በሃያ አንድ መሆኑን ከእኔ በቀር ችሎቱ ሁሉ ቆጥሮታል። ታዲያ በጽዮን ዕለት ማሳው ዳር እንዴት ቆሙ ሲሉ ዳኛዋ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አስበው የክርስትና ልጃቸው እንደማይዋሻቸው፣ እሱ ያየውም እሳቸው እንዳዩት እንደሚቆጠር አስረዱ። አሁን ነው ጥያቄ ቁጥር አንድ ብዬ አፌን ስከፍት ጋሽ ጥላሁን የኮቴን ጫፍ ጎትተው አስቀመጡኝ። ስፌቱ ተተረተረ፤ ላሚቱ ግን ተረፈች።

እትዬ ዘሃራ አንድ ቅል እርጎ ይዘው መጥተው መረቁኝ። ጋሽ ጥላሁን እርጎውን ጠጡ፣ ቅጹን ግን አልፈረሙም። ሰላም አልክ እንጂ ምን ጠየቅህ? ማንስ ተቃወመህ? አሉኝ። ተናደድኩ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ላለቅስም ምንም አልቀረኝ። ግን የማልኩት ማልኩ ነውና በማግሥቱ ማንጎዬ ሥር ተመለስኩ።

ከወር በኋላ ሌላ መዝገብ ላይ ቆምኩ። ባላጋራዬ ያው የዚያን ጊዜው ጠበቃ ነው። ምስክሯ ከማጀቴ ከተማ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ጥያቄዎቼን ወደ አምስት አውርጄ፣ በቃሌ አጥንቼ፣ ዛሬስ አልረታም ብዬ ተነሣሁ። እንዲያው ለነገሩ ያህል ብቻ አስቀድሜ «እንደምን አደሩ እትዬ?» አልኳቸው።

ጠበቃው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ተቃውሞ አለኝ!»

ዞር ብዬ ጋሽ ጥላሁንን አየኋቸው። ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየፈረሙ ነበር።