የጋሽ ሀብተማርያም የቁርቁራ እስክርቢቶ

በየሕንጻው እስክርቢቶ ስትለምኑት ከኖኅ ዘመን የሚጀምርላችሁ አንድ ሰው አለ። የለም ካላችሁ፣ ቸኩላችሁ አታውቁም ማለት ነው። የኛ፣ እዚህ ዓረብ አገር ማንጋፍ በሚባል ሰፈር የምንኖረው፣ ክቡር ሊቀ እንጨት ጋሽ ሀብተማርያም ናቸው፤ የሕንጻችን ዘበኛ።

ከየቪላው ግቢ የሚጣለውን ቅርንጫፍ፣ የተሰበረውን ሣጥን ይለቅማሉ። ይቀርጻሉ፣ ይቦረቡራሉ፣ ከርካሽ እስክርቢቶ ያወጡትን ቀለም ይሰኩበታል። ከዚያ መከራችሁ ይጀምራል። «ይሄ ዝም ብሎ እንጨት እንዳይመስልህ!» ወይራ ከሆነ የኖኅ ርግብ፣ ግራር ከሆነ ታቦተ ጽዮን። አቡ ሐሊፋ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ቤዛ፣ ማዳም መኪና ውስጥ እየጠበቀቻት፣ ለአንዲት ፊርማ የዝግባውን ተዋሰቻቸው። ሰሎሞን የቤተ መቅደሱን ጣሪያ ሳይከድን ማዳም ጥላት ሄደች።

በቁርቁራ ደግሞ አይቻሉም። እዚህ አገር ሲድር የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። «የጌታችን የእሾህ አክሊል ከዚህ ነው» ሲሉ፣ ሾፌሩ ሲራጅ «በቁርኣንም አለ እኮ፣ ጋሼ» አላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ደስ አላቸው። ታሪኩ በአንድ ሰዓት ረዘመ።

በ2012 ግንቦት፣ ሰዓት እላፊው ቀኑንም ሌሊቱንም ሲሆን፣ ኮሮና ያዘኝ። አብረውኝ የሚኖሩት ሌላ ክፍል ገቡ፤ አልፈርድባቸውም። ትንፋሽ አጠረኝ። ጋሽ ሀብተማርያም ሾርባ በሩ ሥር አስቀምጠው፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ዘርግተው ማውራት ነው!

«ሰሎሞን ዝግባውን ከማን አስመጣ? መልስልኝ!»

«ከ… ኪራም።»

«ጎሽ!»

እግዜር ያሳያችሁ፣ አየር ያጣ ሰው ሲፈተን!

ቤተ ክርስቲያን ዝግ ስለነበር ቄሱ የሕሙማንን የክርስትና ስም በስልክ እየተቀበሉ ይጸልዩ ነበር። ሊቀ እንጨት ግን መጀመሪያ በቁርቁራው እስክርቢቶ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ፎቶ አንስተው ይልካሉ።

«ሚኪያስ፣ የክርስትና ስምህ ማነው?»

«አልናገርም!» የአባቴን የክርስትና ስም የጠየቁን ሲሞት፣ ለፍትሐት ነበር። ከተናገርኩ የምሞት መሰለኝ።

«ለምሕረት ነው፣ የኔ ልጅ!»

«እምቢ አልኩ!»

ሦስት ቀን ለመኑኝ፣ ሦስት ቀን እምቢ አልኩ።

እግዜር ይመስገን፣ ዳንኩ። በወጣሁ ዕለት ደብተሩን ወንበሩ ላይ አገኘሁት። መሠረት፣ ወለተ ማርያም። ተሾመ፣ ገብረ ሥላሴ። እኔ ጋ ሲደርስ እንዲህ ይላል፦

«ሚኪያስ። የክርስትና ስሙን እምቢ ብሎኛል፤ አንተ ታውቀዋለህ። ታሪኩን ሳልጨርስለት እንዳትወስድብኝ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኚህን ሰው ስንቴ ሸሽቻቸዋለሁ፣ ስንቴ በጓሮ በር ወጥቻለሁ! ለካ እወዳቸዋለሁ።

ማስካቸውን አድርገው መጡና ራቅ ብለው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይጻፉ» አልኳቸው። «ኃይለ ሚካኤል ነኝ።»

«አሁንማ ድነሃል፤ ምን ያደርግልሃል?»

«እርስዎም ይወቁት።»