ደሴ ላይ የሚጠፋው ላፕቶፕ

ደሴ ላይ ብርድ የለም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ይህን አፌን ሞልቼ ስናገር ኖሬያለሁ። ብቻዬን እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት፣ ሁለት የደሴ ሰዎች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ እንደሸጎጡ ይገናኙና «ዛሬስ አየሩ ደግ ነው» ይባባላሉ። ብርድ የፈለገ ቦሩ ሜዳ ይሂድ ይሏችኋል። ቦሩ ሜዳ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ይጠቁሟችኋል። ብርድ ምንጊዜም ከእኛ በላይ ያለ አገር ነው። ከእኛ በታች ያለው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ እዚያ የሚኖረውን ሰው ሙቀት ያሞላቀቀው ብለን ጨርሰነዋል።

እኔ ከተሞላቀቁት አንዷን አገባሁ።

ዘሃራ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው። ከተጋባንበት ዓመት ጀምሮ በየጠዋቱ ጣቶቿ ይደርቃሉ፤ መርፌ መያዝ ያቅታታል፤ ፀሐይ መስኮቱን አግኝታ ክፍሉን እስክታሞቀው፣ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ክር ማስገባት አትችልም። ኮምቦልቻ ላይ እናቷ የተዉላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ። «እንውረድ» ትለኛለች። የእኔ መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «ይለመዳል።» አሥራ ስምንት ዓመት አልኩት፤ አልተለመደም።

«ይለመዳል» ሲያልቅብኝ ሌላ ሰበብ አገኘሁ። አስተማሪ ነኝና፣ የእኩዮቼ ልጆች ዲግሪ በሚይዙበት ጊዜ እኔ ማስተርስ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር መልሴ «የመመረቂያ ጽሑፌ ይለቅና» ሆነ። ጣሪያው ያፈስሳል? ጽሑፌ ይለቅና። እንውረድ? ጽሑፌ ይለቅና። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን አንድ ሐኪም የዘሃራን ጣቶች አገላብጦ አየና፣ ከብርድ ካልተጠበቁ መርፌውን እስከ መጨረሻው ልትተወው እንደምትችል ነገራት። እኔም ፊቱ ነበርኩ። የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ጽሑፌን ጨርሼ እንደምንወርድ ቃል ገባሁላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ቆረጥኩላት ማለት ነው።

ላፕቶፔ ይህን የሰማ ይመስል ጥር ላይ መጥፋት ጀመረ።

አጠፋፉ ሌላ ነው። አያስጠነቅቅም፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ቻርጀሩ ተሰክቷል፤ ድርግም ይላል። ጊዜም ይመርጣል። ዝም ብዬ ዜና ሳነብ ምንም አይሆንም፤ ሁለት ቀን ሳምጥበት የቆየሁት አንቀጽ መልክ ይዞ ሴቭ ላደርገው ጣቴን ስዘረጋ ግን ድርግም። መልሼ ስከፍተው አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴም እስከ ረፋድ ድረስ አኩርፎኝ ይቀመጣል። ሚያዝያ ሲገባ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ፤ አምስት ነበር የሚቀረኝ... አይ፣ ልዋሽ አልልም፤ ሁለት ነበር የሚቀረኝ፤ አምስት የሚመስለው ለእኔ ነው።

በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ጉዳዩን ባነሣሁ ጊዜ አንድ ድምፅ ሳይጎድል ምርመራው ተሰጠ። «ሙቀት ነው» አሉ። የታሪክ አስተማሪው ሙቀት ነው አለ፤ የስፖርት አስተማሪው ሙቀት ነው አለ፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሳይቀር አንገቱን ነቅንቆ አጸደቀው። ስድስት ሰዎች፣ ስድስታችንም ኮታችንን እስከ አገጫችን ቆልፈን፣ ሙቀት ነው ተባብለን ስንለያይ አንዳችንም አልሳቅንም።

ሙቀት ከሆነማ ማቀዝቀዝ ነው። በበነጋው ማለዳ ላፕቶፑን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት፤ አየር ከታች እንዲያገኝ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ ከፍ አደረግኩት፤ መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። ከጎረቤት ትንሽ ማራገቢያ ተውሼ ጎኑ ተከልኩ። ዘሃራ ማዶ፣ ስፌት መኪናዋ ዘንድ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ ታየኛለች። አንድ ልማድ ነበራት። ከላፕቶፑ ጀርባ ሞቅ ያለ አየር ይወጣ የለ? ጠዋት ጠዋት መጥታ ጣቶቿን እዚያ ላይ ትዘረጋ ነበር። ያን ቀንም መጣች።

«አየር አትዝጊበት እንጂ» አልኳት። «ለካ የምታፍኚው አንቺ ነሽ።»

እጇን ሰብስባ ተመለሰች። ይህን ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ምክንያቱን ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ላፕቶፑ ባሰበት። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ከፍቶ አቧራውን ጠረገው፤ ፎርማት አደረገው፤ ባትሪውን ቀየረው። በወሰድኩት ቁጥር «አብሽር ቲቸር፣ አሁን ሰላም ነው» ይለኛል። በነጋታው ጠዋት ድርግም።

በዚህ መሐል ዘሃራ የእናቷን ቤት ልታጸዳ ኮምቦልቻ ወረደች። እኔም ላፕቶፑን አቅፌ ተከትያት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ቅዳሜን ሙሉ ጻፍኩ። እሑድንም ጻፍኩ። አንዴም አልጠፋም። የፒያሳውን ጠጋኝ ዱአ እያደረግኩለት ደሴ ወጣሁ፤ ሰኞ ጠዋት ድርግም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረድኩ፤ ሰላም። ወጣሁ፤ ድርግም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመላለስ ጥፋቱን በደሴ መብራት ላይ አሳብቤ ነበር። በባትሪ ብቻ ስሠራም ስለጠፋ መብራቱን ይቅርታ ጠየቅኩት።

በአራተኛው ቅዳሜ ዘሃራ «እዚህ አንድ ጠጋኝ አለ፤ ለሱም አሳየው» ብላ ይዛኝ ሄደች። ታምራት ይባላል፤ ሱቁ ከአንድ ጁስ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ላፕቶፑን ከፈተ፤ አየ፤ ለካ፤ ግማሽ ሰዓት አሠራው።

«ቲቸር፣ ይሄ ማሽን ምንም አላለም» አለኝ።

«ደሴ ላይ ነው የሚያመው።»

«ደሴ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

በኩራት ነገርኩት። ከመስኮቱ ጀመርኩ፤ ብርጭቆዎቹን፣ ማራገቢያውን አንድ ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ታምራት ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ፤ ስንከተለው ጁስ ቤቱ ገባና ፍሪጁን ከፍቶ አቮካዶና ፓፓያ መሐል አስተኛው። የጁስ ቤቷ ባለቤት አልገረማትም፤ ለካ ታምራት የፍሪጁ ደንበኛ ነው። እኛም የማንጎ ጁስ አዝዘን ሕመምተኛውን መጠበቅ ያዝን።

ጁሱን ስንጨርስ አወጣውና ከፈተው። ብርሃኑ መጣ፤ ሠራ፤ ድርግም አለ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ አሞቀው፤ እንደገና ከፈተው። እስከምንሄድ ድረስ አልጠፋም።

«ብርድ ነው» አለ ታምራት።

«ብርድ?» አልኩ፤ ቃሉን በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል።

«ውስጡ ያለው ቦርድ ላይ አንዲት ብየዳ ተሰንጥቃለች። ሲበርደው ይኮማተርና ትላቀቃለች፤ ሲሞቀው ትገጥማለች። እርስዎ ደግሞ መስኮት ከፍተው ሲያቀዘቅዙት ከረሙ።»

«እስቲ ድገምለት» አለች ዘሃራ።

«የቱን እትዬ?»

«ሲበርደው ያልከውን።»

«ሲበርደው ይኮማተራል። ማንኛውም ነገር ሲበርደው ይኮማተራል እኮ።»

«እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር» አለች፤ ጣቶቿን እያየች።

ታምራት ምን ውስጥ እንደገባ አላወቀም። ብየዳው የአንድ ቀን ሥራ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደሴም ሆነ ቦሩ ሜዳ እንደልቡ እንደሚሠራ አስረዳኝና «ልሥራው?» አለኝ። እኔ «ሥራው» ልል አፌን ስከፍት ዘሃራ ላፕቶፑን አንሥታ በሻርፗ ጠቀለለችው።

«አይነካም» አለች። «ወላሂ እንዳትነካብኝ።» ከዚያም ወደኔ ዞረች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ለሱ ብለህ ሐረጎን አራቴ ወረድክ። እኔ የለመንኩህ አንዴ እንድትወርድልኝ ነበር።»

መልስ ነበረኝ፤ የታወቀችው ቃል ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ግን አስቡት፤ አራት ወር ሙሉ ላፕቶፑ ሲጠፋ አንድ ቀን «ይለመዳል» ብዬው አላውቅም። ፎርማት አስደረግኩት፤ ባትሪ ቀየርኩለት፤ ብርጭቆ ደፋሁለት። ጁሴን ያልጨረስኩ መስዬ ባዶውን ብርጭቆ ደግሜ ጠጣሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ወረድን። ጽሑፌም ኮምቦልቻ ላይ፣ አንዴም ሳይጠፋ አለቀ። አሁን በየጠዋቱ ለማስተማር በሚኒባስ ደሴ እወጣለሁ። በማረፊያ ክፍሉ ለምን እንደወረድን ሲጠይቁኝ «ላፕቶፔን ደሴ አልተስማማውም» እላለሁ፤ ሁሉም በሐዘኔታ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የታሪክ አስተማሪው እንዲያውም ለዕቃ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ብርቅ ነው ብሎ አመሰገነኝ። የሚስቴን ጣቶች በርዷቸው ነው ብል ኖሮ እስከ ደወል ይሳቅብኝ ነበር፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀውም እኔ እንደሆንኩ አልጠፋኝም።

ታምራት አሁንም በደጃችን ባለፈ ቁጥር ብየዳውን ያነሣል፤ ሥራ አይወድም አይባልም። ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ገና አንድ ሰዓት ነበር፤ ዘሃራ ክሯን በመጀመሪያው ሙከራ አስገብታ የሰው ሱሪ ታጥፋለች።

«ኸረ እትዬ፣ ቲቸር አንድ ቀን ደሴ ይዘውት ቢወጡ ይጠፋባቸዋል» አላት።

ዘሃራ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ይለመዳል» አለችው።