ሞት የተከለከለበት ቤት

በቤታችን ሞት በይፋ የተከለከለው፣ ሐኪሙ አባቴን «ከዚህ በኋላ ቤቱ ቢሆን ይሻለዋል» ብሎ ባሰናበተው ማግስት ነው። ይህን ታላቅ እርምጃ ስንትና ስንት ሊቃውንት ተመኝተውት አልሆነላቸውም፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ግን ከምሳ በፊት ጨረሱት።

አጎቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በእሳቸው ዘመን በመሥሪያ ቤቱ አንድም ችግር ተፈጥሮ አያውቅም፤ ችግር አለ ብሎ መናገር ክልክል ነዋ። ይህንኑ የካበተ ልምዳቸውን ይዘው እናቴን፣ እኔንና ልትጠይቀን የመጣችውን ጎረቤታችንን ወጥ ቤት ውስጥ ሰበሰቡን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሕመምተኛውን ሞራል ከመጠበቅ አኳያ፣ ከአሁን ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ያንን ጉዳይ የሚመለከት ማንኛውም ቃል፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ አይነሳም።»

«የትኛውን ጉዳይ?» አለች ጎረቤታችን።

«ያንን!»

«እኔ ልሙት ጋሼ፣ ማን ያነሳዋል ብለህ ነው?» አለች እናቴ።

አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መመሪያው እንከን አልነበረውም፤ እንከን ያለበት የምንናገረው ቋንቋ ነበር። እናቴ የሾርባ ሳህን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ልትል ትጀምርና አጎቴ ሲያስሉባት «በ... በጤናዬ» ትላለች። ጎረቤታችን «አፈር ስሆን ቅመስ» በማለቷ በክብር እስከ በር ተሸኝታለች። እኔም «ስልኬ ሞተ» ብዬ ተገሥጬ፣ «ከአገልግሎት ውጪ ሆነ» በሚል አስተካክያለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር ያሾልካል፤ ጆሮውም ከዓይኑ አያንስም። ሐኪሙ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለአጎቴ ያንሾካሾከላቸውን ሁሉ ተኝቶ ሰምቶታል። ለጥቂት ቀናት ታዘበን፤ ታዘበንና አንድ ጠዋት አጎቴን ጠራቸው።

«እስቲ ንገረኝ፤ እዚህ ቤት ማን ሞቶ ነው ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራው?»

«ማንም! ማንም አልሞተም!» ብለው ጮኹ አጎቴ፤ መመሪያውን በገዛ አንደበታቸው እየሻሩ።

አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተው፣ ተው! በሳቅ ልትገድለኝ ነው!»

አጎቴ ኮሪደር ላይ ወጥተው ግድግዳ ተደገፉ።

በዚያው ሰሞን አባቴ የስፌት መኪናውን አልጋው አጠገብ አስመጣ። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ አንድም ሰፍቶ አያውቅም። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አስገዛኝና መቁረጥ ጀመረ። ለምን እንደሆነ ለሁላችንም ገብቶናል። ግን መመሪያ መመሪያ ነው።

«ልብሱ ለልጅቷ ሠርግ ነው» ብለው አወጁ አጎቴ። እኔም በዚህ ሁኔታ ሳላውቀው ታጨሁ።

«ሙሽራው ማነው?» አለ አባቴ።

«ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።»

ያስቸገረው ልኩ ነበር። አባቴ ኮቱን ለብሶ በሞከረ ቁጥር ሰፊ ይሆንበታል። ፈትቶ ያጠብበዋል፤ ትንሽ ሰንብቶ ሲለብሰው እንደገና ሰፊ ነው።

«በሙያዬ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። «ልኩን ሰጥቶኝ ዞር ስል ይከሳል።»

ስስቅ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ፊቴን ያዞርኩት ግን ለሳቁ ብቻ አልነበረም።

እናቴ መመሪያውን የጣሰችው በኪስ ምክንያት ነው።

«ደሞ ለምን ኪስ ታበጅለታለህ? እዚያ ምን ልትይዝበት?»

«እጄን ነዋ! ሲሰለቸኝ እጄን የት ላግባው?»

ልትመታው እጇን ሰነዘረችና ፊቱን ዳበሰችው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅም ሳይፈሩ ማውራት ጀመሩ። የት እንዲቀበር፣ የስፌት መኪናውን ማን እንዲወስደው፣ እሷ በዚህ ሰፊ አልጋ ላይ ብቻዋን እንዴት እንደምትተኛ።

ይህን የዲሲፕሊን መላላት ለመገሠጽ አጎቴ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ አባቴ ብቻቸውን ገቡ። እኔ ከጎን ባለው ክፍል ልብስ እተኩስ ነበር። ተግሣጹን ስጠብቅ፣ ከዚህ ቀደም ሰምቼው የማላውቅ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ» አለ አባቴ። «ስስቅበት ትንሽ ፈቀቅ ይልልኛል። አንተስ?»

አጎቴ አለቀሱ። ደረታቸውን መውጋት ከጀመራቸው ዓመታት ማለፋቸውን ለአባቴ ነገሩት፤ «አንድ ነገር ይለኛል» ብለው ፈርተው ሐኪም ዘንድ ሄደው አያውቁም። ሞራሉ ሲጠበቅለት የከረመው ሕመምተኛ የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ና እስቲ ቁም» አለ አባቴ። «ሜትሩ እጄ ላይ ነው።»

«ለምን?» አጎቴ ደነገጡ።

«ለልጅቷ ሠርግ ነዋ!»

መጀመሪያ አባቴ ሳቀ፤ ቀጥሎ አጎቴ፣ በእንባቸው መሐል። ሲረጋጉ አባቴ እንዲህ አላቸው፦

«በሞቴ፣ ተመርመር። ይህን ቃል እንደ እኔ በእርግጠኝነት የሚነግርህ ሰው አታገኝም።»

አባቴ የሞተው አንድ ጠዋት፣ እናቴ እጁን እንደያዘችው ነው። ቀብሩ ላይ አጎቴ ለንግግር ቆሙ። «በተፈጠረው ሁኔታ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «አማቼ ሞተ» አሉ። ከዚያም ዞር ሲሉበት ስለሚከሳው ደንበኛ ሊያወሩልን ጀምረው ሳቅ አፈናቸው። እናቴ ተከተለቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ደግ ሴትዮ ሐዘን አናታችን ላይ ወጥቶ መስሏት ውሃ አመጣችልን።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ የአባቴን ቃል አክብረው ተመረመሩ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ስታይ እናቴ ክው አለች።

«ምን አለህ?»

«ምንም የለብህም አለኝ። የሚወጋኝ ጥድፍ ጥድፍ እያልኩ ስለምበላ ነው። ልብህ የጎረምሳ ልብ ነው አለኝ።»

«ታዲያ ምን አስከፋህ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው የፈራሁት ማለት ነዋ!»

እናቴ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረገቻቸው።

«አይዞህ ጋሼ» አለች፤ «ቢዘገይም አይቀርልህም።»